አሮጌዋን ስፖርት መኪና ለጎንደር መንገድ ምቹ ማድረግ

ጎንደር ውስጥ አሮጌ ስፖርት መኪና የሚነዳ ሰው ብዙ አይደለም። ግን አለ። ባለ ሁለት በር ቶዮታ ሴሊካ፣ ከአባት የቀረ ፊያት፣ ከአዲስ አበባ ተገዝቶ የመጣ ዝቅ ያለ መኪና ፒያሳ ላይ ሲያልፍ ሰው ዞር ብሎ ያያል። መኪናዋ ታምራለች። ነጂው ግን ከአዘዞ ተነስቶ ፒያሳ እስኪደርስ ወገቡ ተይዟል፣ ግራ እግሩ ዝሏል፣ ጆሮው ይጮኻል። "አሮጌ መኪና እንዲህ ነው፣ ምን ታደርገዋለህ" ይባላል። እኔ በዚህ ፈጽሞ አልስማማም።

እነዚህ መኪኖች ከፋብሪካ ሲወጡ እንዲህ አልነበሩም። ቶዮታ ሴሊካን እ.ኤ.አ. በ1970 ገበያ ላይ ሲያወጣት ሰው በየቀኑ ሥራ እንዲሄድባት፣ ሲፈልግም ረጅም መንገድ እንዲጓዝባት ነው። ጠንከር ያለች ነበረች እንጂ የምታሰቃይ አልነበረችም። ዛሬ የሚያሰቃየን አብዛኛው ነገር የደረቀ ጎማና ያለቀ ስፖንጅ ነው። ጎማ ስል የሚሽከረከረውን ብቻ አይደለም። የበሩን፣ የፔዳሉን፣ ሞተሩ የተቀመጠበትን፣ የእግሮቹን ቡሽ፣ ማለትም በብረቶቹ መጋጠሚያ ላይ የሚገባውን ጎማ፣ ሁሉ ማለቴ ነው። 30 እና 40 ዓመት የቆየ ጎማ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ንዝረት መያዙን ይተዋል። ስለዚህ አዲስ ነገር ከመጨመራችሁ በፊት ያለቀውን ተኩ። ይህን ቅደም ተከተል ከያዛችሁ ገንዘባችሁ አይባክንም፣ የመኪናዋም ጠባይ አይበላሽም።

ከመቀመጫው እንጀምር። መጀመሪያ ምንም ገንዘብ የማይጠይቀውን አድርጉ፤ አቀማመጣችሁን አስተካክሉ። ወገባችሁን እስከ ወንበሩ ጥግ ገፋ አድርጋችሁ ተቀመጡና ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው ርገጡ። ጉልበታችሁ ትንሽ እንደታጠፈ መቅረት አለበት። ቀጥ ብሎ ከተዘረጋ ርቃችኋል፣ ወንበሩን ወደፊት ሳቡት። ቀጥሎ ትከሻችሁ ከመደገፊያው ሳይለቅ እጃችሁን ዘርጉና የእጅ አንጓችሁን መሪው አናት ላይ አሳርፉ። አንጓው ካልደረሰ መደገፊያውን ቀና አድርጉት። ስፖርት መኪና ነው ብሎ ጋደም ብሎ የሚነዳ ብዙ ሰው አለ። ጋደም ስትሉ መንገዱን ለማየት አንገታችሁን ወደፊት ትቀስራላችሁ፣ መሪውን ለመድረስ ትከሻችሁን ታነሳላችሁ፣ ማክሰኝት ሳትደርሱ ማጅራታችሁ ይጠነክራል። መደገፊያው ከመቀመጫው ጋር ከ100 እስከ 110 ዲግሪ ቢሆን ለአብዛኛው ሰው ይስማማል። በዓይን ስታዩት ቀጥ ካለው ትንሽ ወደኋላ ዘንበል ያለ ማለት ነው።

ብዙ ጊዜ ወንበሩ የተነከሰበት ሐዲድ ደርቆ አልንቀሳቀስ ይላል። በጉልበት አትታገሉት። ወንበሩ አብዛኛውን ጊዜ በአራት ቡሎን ነው የተያዘው፣ ፍቱና አውጡት። የተጋገረውን አቧራና አሮጌ ግሪስ በብሩሽና በናፍጣ አጥቡ፣ በደንብ አድርቁ፣ ስስ አዲስ ግሪስ ቀቡ። ወንበሩ ወጥቶ ሳለ ከስር ያለውን ላሜራ እዩት፤ ዝገት ካለ አሁን ነው የሚታየው። ስትመልሱት ያንኑ ቡሎን ወይም እኩል ጥንካሬ ያለው ተጠቀሙ። አደጋ ሲደርስ ወንበሩንም እናንተንም ከወለሉ ጋር የሚይዛችሁ ያ ቡሎን ስለሆነ ከቤት የተገኘ ማንኛውም ብረት አይሆንም።

የጭናችሁ ፊት ለፊት ክፍል አየር ላይ የሚቀር ከሆነ፣ ረጃጅሞች ይህን ታውቁታላችሁ፣ በፊተኞቹ ሁለት ቡሎኖች ስር ወፍራም የብረት ዋሸር ማስገባት የወንበሩን አፍንጫ ትንሽ ከፍ ያደርገዋል። ሸክሙ ከወገብ ወደ ጭን ይከፋፈላል። ቡሎኑ ግን በዚያው ልክ ረዘም ማለት አለበት፣ ጥርሱ በሙሉ መንከስ አለበት።

ከዚያ ስፖንጁ። በጡጫችሁ የመቀመጫውን መሃል ተጫኑት። ከስር ያለው ብረት ወይም ሽቦ ከተሰማችሁ አልቋል። ወንበሩን ገልብጡና ስፖንጁን ተሸክሞ የሚይዘውን የላስቲክ ቀበቶ ወይም ሞላ እዩ፤ እሱ ከረገበ አዲስ ስፖንጅ ብትሞሉበትም በጥቂት ወር ውስጥ ይሰምጣል። ሶፋ የሚሠሩ ልጆች ይህን ሥራ አሳምረው ይሠሩታል፣ ዋናው ትዕዛዙን በትክክል መስጠት ነው። የፍራሽ ለስላሳ ስፖንጅ አትቀበሉ። ከስር ጠንካራና ክብደት ያለው፣ ከላይ ሁለት ሴንቲሜትር የሚሆን ለስለስ ያለ ይሁን። ከፍታውንም ተናገሩ። ዝቅ ባለ መኪና ውስጥ ወንበሩ አምስት ሴንቲሜትር ከጨመረ ጭንቅላታችሁ ጣሪያ ይነካል፣ ጭናችሁም መሪው ስር ይጨናነቃል። ልጁ "ጋሼ፣ ወፍራም ላድርግልህ፣ ይመችሃል" ቢላችሁ አትስሙት።

የወገብ ድጋፉን ከማሰፋታችሁ በፊት በፎጣ ሞክሩት። ትንሽ ፎጣ ጠቅልላችሁ ከቀበቶ በላይ፣ ጀርባ ወደ ውስጥ የሚገባበት ቦታ ላይ አድርጉና ጥቂት ቀን ንዱ። ሲበዛ ቀንሱ፣ ሲያንስ ጨምሩ። የተስማማችሁን ውፍረት ለክታችሁ ወንበሩን ለሚሰፋው ልጅ ስጡት። ልብሱን በተመለከተ፣ የምትቀመጡበት መሃሉ ጨርቅ ቢሆን እመርጣለሁ። ቆዳ መሳዩ ፕላስቲክ ጠዋት በጎንደር ብርድ ይቀዘቅዛል፣ ቀትር ላይ ደግሞ ያቃጥላል፣ ላብም አያሳልፍም። ጋቢ አጥፎ ከስር ማንጠፍ የብዙ ሰው ልማድ ነው። ፍሬን ስትይዙ ጋቢው አብሯችሁ ወደፊት ይንሸራተታል። ይቅርባችሁ።

አሁን ከሁሉም በላይ ወደሚያሳስበኝ ጉዳይ ልምጣ፤ ጭስ። ሲነዱ ውለው ራሳቸውን የሚያማቸው፣ የሚያቅለሸልሻቸው፣ ያለ ምክንያት እንቅልፍ የሚጫጫናቸው ሰዎች "ድካም ነው" ይላሉ። አንዳንዴ ድካም አይደለም። ከማርሚታ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ሰውን ግን ይገድላል። የአሮጌ መኪና የኋላ ኮፈን ጎማ ሲደርቅ፣ መኪናዋ ስትሄድ ከኋላዋ የሚፈጠረው የሳሳ አየር ጭሱን እዚያው አቅራቢያ ያዞረዋል፣ በተሰነጠቀው ጎማም ወደ ውስጥ ይገባል። ጎንደር ላይ ደግሞ ይብሳል። ከተማችን ከባሕር ጠለል ከ2100 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው። ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡሬተር፣ ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ክፍል፣ እዚህ ሲመጣ ከአየሩ ጋር የማይመጣጠን ብዙ ቤንዚን ይሰጣል። ቤንዚኑ በደንብ ሳይቃጠል ይወጣል፣ ጭሱም የባሰ መርዝ ይሆናል። ቤንዚን ቤንዚን የምትሸት መኪና ካለቻችሁ፣ ካንዴላዋን አስፈቱና እዩት። ጥቁርና እንደ ጥላሸት የደረቀ ከሆነ ካርቡሬተሩን ለዚህ ከፍታ እንዲያስተካክለው ለሚያውቅ መካኒክ ስጡት። ትንፋሽዋም ይሻሻላል፣ ነዳጅም ይቀንሳል።

ጭሱ የሚገባበትን ቀዳዳ መፈለግ ከባድ አይደለም። ማታ ጨለማ ቦታ አቁሙ። ጓደኛችሁ በእጅ ባትሪ ውስጡን በኋላ ኮፈኑና በበሮቹ ዳር ዳር ያብራ፣ እናንተ ከውጪ ብርሃን የሚሾልክበትን ፈልጉ። በሮቹን በብር ኖት ፈትኗቸው፤ ኖቱን ጎማው ላይ አድርጋችሁ በሩን ዝጉና ሳቡት። ያለ ምንም መያዝ ሹልክ ካለ ጎማው ሞቷል፣ ወይም በሩ ወርዷል። ቀጥሎ በሞተሩና በእግራችሁ መካከል ያለውን ላሜራ እዩ። ሽቦና ገመድ የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች እያንዳንዳቸው የጎማ ቀለበት ነበራቸው፣ ብዙዎቹ ጠፍተዋል። በመጨረሻ ማርሚታው መጋጠሚያዎች ላይ ጥቁር ጥላሸት ካለ እዚያ ይተነፍሳል ማለት ነው፣ አስበይዱት። ይህ እስኪጠገን ድረስ መስኮት ከፈት አድርጋችሁ ንዱ፤ የኋላ ኮፈን ከፍታችሁ ዕቃ ጭናችሁ ግን በፍጹም አትሂዱ።

ደስ የሚለው ነገር ጭሱን ስትዘጉ ጫጫታውንና አቧራውንም እኩል ዘጋችሁ። የበር ጎማ ብቻውን መቀየር የሚያመጣውን ለውጥ ያላየ ሰው አያምንም። የቀረውን ድምፅ ለማጥፋት ወለሉንና በሮቹን ትገልጣላችሁ። አንድ ጓደኛ አጠገባችሁ አስቀምጡና ኮብልስቶን ላይ ቀስ ብላችሁ ንዱ፤ እሱ እጁን እያሳረፈ የሚንቀጫቀጨውን ይፈልግ። ክሪኩ ነው፣ የዳሽቦርዱ መሳቢያ ነው፣ የበሩ ልባስ ነው፣ የመቀመጫ ቀበቶው ዘለበት ነው። እነዚህን ማሰር ከምንም በላይ ርካሽ ነው። ከዚያ ላሜራው ራሱ የሚጮኽበት ቦታ ላይ ከላይ አሉሚኒየም ያለው ተለጣፊ የጎማ ምንጣፍ ይለጠፋል። ሙሉውን ላሜራ መሸፈን አያስፈልግም። ከእያንዳንዱ ሰፊ ላሜራ መሃሉን፣ ሩብ ያህሉን መሸፈን ንዝረቱን በጣም ይቀንሳል፤ መኪናዋንም አያከብዳትም። የጣሪያ ሬንጅ ግን መኪና ውስጥ አታስገቡ። ወደ መተማ ስትወርዱ ሙቀቱ ያቀልጠዋል፣ ሽታውም አይለቅም። ከምንጣፍ ስር የብርድ ልብስ ቁራጭ የሚያነጥፉም አሉ፣ ክረምት ላይ ውሃ ይጠጣና ላሜራውን ያዝገዋል። ውሃ የማይጠጣ ፎም ይሻላል።

ሙቀቱስ? ጎንደር ራሷ አታስቸግርም፣ አየሯ ደግ ነው። የሚያስቸግረው የእግር ሙቀት ነው። እስከ 1985 እ.ኤ.አ. የተሠሩት ሴሊካዎች በኋላ እግር የሚነዱ ስለሆኑ ካምቢዮው በሁለቱ ወንበሮች መካከል ያልፋል፣ ማርሚታውም በዚያው በኩል ነው። ካምቢዮ ማንሻው ስር ያለው የጎማ ቆብ ከተቀደደ የሞተሩ ትኩስ አየር በቀጥታ ወደ ውስጥ ይነፍሳል። ቆቡን ቀይሩት። ማርሚታው ላይ ከፋብሪካ የነበረው የላሜራ መከለያ ወድቆ ከሆነም አሠርታችሁ መልሱት፣ ማንኛውም ብየዳ ቤት ይሠራዋል። የማሞቂያው ቧንቧም አንዳንዴ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፣ ሞቃቱ ውሃ ሳትፈልጉት ዳሽቦርድ ውስጥ ይዞራል።

የግራ እግራችሁን ነገር ብዙ ሰው ችላ ይለዋል። ፍሪሲዮኑ በገመድ የሚሠራ ሆኖ ከከበደ መጀመሪያ ገመዱን እዩ። የውስጡ ሽቦ ክሩ ተበጥሶ ከሆነ ወይም አለቅጥ ተጠማዞ ከሄደ ይከብዳል፤ አዲስ ገመድ በትክክለኛው መንገድ ሲዘረጋ እግራችሁ ያርፋል። ሌላው የእጅ ፍሬን ነው። ወደ ጎሃ በሚወስደው ዳገት ላይ ባጃጅና ሰው ሲያስቆማችሁ የእጅ ፍሬኑ የማይዝ ከሆነ መኪናዋን በፍሪሲዮን ትይዛላችሁ። እግራችሁም ይደክማል፣ ፍሪሲዮኑም ይቃጠላል። የእጅ ፍሬን ማስተካከል አጭር ሥራ ነው፣ ጎንደርን በመሰለ የዳገት ከተማ ደግሞ ትልቅ ዕረፍት ነው። ከፍሪሲዮኑ በስተግራ እግር የሚያርፍበት ቦታ ከሌለ አንድ አናጺ ዘንበል ያለ ጣውላ ይሥራላችሁ፣ በጎማ ይሸፈን፣ በቡሎን ከወለሉ ጋር ይታሰር። ልቅ ሆኖ ከተቀመጠ ከፔዳል ስር ሊገባ ይችላል። የወለል ምንጣፍም እንደዚያው ነው።

መሪውን ደግሞ ትንሽ የውድድር መሪ ያስገባችሁ ካላችሁ መልሱት። ኃይል ሰጪ ሲስተም የሌላት መኪና ላይ የመሪው ስፋት ጉልበታችሁ ነው። ሲጠብ ይከብዳል። ብዙ ጊዜም ትንሹ መሪ የፍጥነት መቁጠሪያውን ይሸፍናል። የፋብሪካው መሪ ሆኖም ከከበደ የጎማውን ንፋስ፣ አላይመንቱንና የመሪ ክንዶቹን ቡሽ አስመርምሩ።

ጎማና ሞላ ላይ የምለው አጭር ነው፣ ግን አጥብቄ እላለሁ። መኪናችሁን ዝቅ አታስደርጉ። ሰፊ ቸርኬ ላይ ስስ ጎማም አታድርጉ። ጎማው ጎን ላይ ያለው ቁመት ነው ድንጋዩን የሚውጥላችሁ። 13 ወይም 14 ኢንች ቸርኬ ላይ የነበረች መኪና 17 ስታደርጉላት ጉድጓዱ በሙሉ ወደ ወገባችሁ ይመጣል፣ ቸርኬውም ይጣመማል። ንፋሱን ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ለኩ፣ በበሩ ዳር ወይም በመጽሐፉ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ተከተሉ። ጎሚስታው በልማድ ለሁሉም መኪና አንድ ዓይነት ከሞላ ጥቂት ፒኤስአይ ያለፈ ንፋስ ቀላል መኪናን እንደ ኳስ ያነጥራታል። ጎማው ጎን ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮችም አንብቡ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ያሳያሉ። ጥርሱ ቢኖረውም አሥር ዓመት ያለፈው ጎማ ደርቋል፤ አይመችም፣ አይታመንም።

ሾክ አብዞርበሩን ለመፈተን የመኪናዋን ጥግ ተጫኑና ልቀቁ። ተነስታ ቀጥ ካለች ደህና ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ከዋለለች አልቋል። ዘይት የሚያለቅስም እንደዚያው። ሁልጊዜ በጥንድ ይቀየራል፣ ግራ ብቻውን ወይም ቀኝ ብቻውን አይሆንም። አብረው የእግሮቹን ቡሽ አስቀይሩ። ሾክ ቀይሮ ቡሽ መተው ግማሽ ሥራ ነው። እዚህ ላይ ጠንካራውን ፖሊዩሪታይን ቡሽ የሚመክሩ አሉ። ለውድድር ሜዳ ጥሩ ነው፤ ለእኛ ኮብልስቶን ግን ተራው የጎማ ቡሽ ነው የሚሻለው።

ክረምት ሲመጣ ሌላ ጉዳይ አለ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ መስታወት ውስጡ ይሸፈናል፣ ነጂው በእጁ እየጠረገ ይነዳል። አብዛኛው ጥፋት ከወለሉ ነው። ምንጣፉን አንሱና በእጃችሁ ዳብሱት። እርጥብ ከሆነ ያ ውሃ ነው በየጠዋቱ ተንኖ መስታወት ላይ የሚቀመጠው። ከፊት መስታወቱ ስር ያለው የውሃ መውረጃ በቅጠልና በአፈር ይደፈናል፣ የበሮቹ የታች ቀዳዳዎችም እንደዚሁ። በቀጭን ሽቦ ክፈቷቸው፣ ውሃ አፍስሳችሁ በየት እንደሚወጣ ተመልከቱ። ከዚያ ምንጣፉን በፀሐይ አድርቁ። መስታወቱን ከውስጥ በንጹሕ ጨርቅና በሳሙና ውሃ አጥባችሁ አድርቁት፤ ቅባት ያለበት መስታወት ቶሎ ይሸፈናል። የዝናብ መጥረጊያውን ላስቲክ ከሰኔ በፊት ቀይሩ።

የማታ ጉዞ ከባድ የሚሆነው ዓይን ሲደክም ነው። አሮጌ መኪና ላይ መብራቱ የሚፈዘው አምፖሉ ስላለቀ ብቻ አይደለም። ኤሌክትሪኩ በአሮጌ ማብሪያ ማጥፊያና በቀጭን ሽቦ ዞሮ ሲመጣ ይዳከማል። ኤሌክትሪሺያን ሪሌ፣ በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚያበራ ማብሪያ፣ አስገብቶ ከባትሪው በቀጥታ ወፍራም ሽቦ በፊውዝ ቢያመጣለት ያው አምፖል ቁልጭ ብሎ ይበራል። የምድር ሽቦውንም አስጠርጉ። ከዚያ ሜዳ ቦታ ላይ ከግድግዳ ወደ ሰባት ሜትር ተኩል ርቃችሁ አቁሙ፣ ነጂው ቦታው ላይ ይቀመጥ፣ ነዳጅም ይኑራት። የመብራቶቹን መሃል ከመሬት ለኩና በዚያው ከፍታ ግድግዳው ላይ በኖራ መስመር አስምሩ። አጭሩን መብራት ስታበሩ የብርሃኑ የላይኛው ጫፍ ከመስመሩ ከአምስት እስከ አሥር ሴንቲሜትር ዝቅ ማለት አለበት። ከፍ ካለ ከፊት የሚመጣውን ያሳውራል፣ በጣም ከወረደ ደግሞ ከፊታችሁ ያለውን ከብት ሳታዩት ትደርሱበታላችሁ። መብራቱ ጀርባ ያሉትን ብሎኖች በካቻቢቴ ቀስ እያላችሁ አዙሩ፣ አንዱን መብራት በጨርቅ ሸፍናችሁ ሌላውን፣ ከዚያ ተራውን ለቀረው።